ሙያ ለሚማር ልጅ የቀለም ትምህርት ምን ይሠራለታል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎጃም የደረሱን ናቸው። የሚያነሡትም አንድ ጉዳይ ነው፦ ቴክኒክና ሙያ የገባ ሠልጣኝ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ ለምን ይማራል? ምን ያህልስ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልሆንለት ብሎ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የብረታ ብረት ሥራ ይማራል። ከሒሳብ የተገላገለ መስሎት ነበር የገባው፤ አሁን እዚያም ሒሳብና እንግሊዝኛ አለ ይለኛል። እኔ ገበሬ ነኝ። የላክሁት ብየዳ እንዲለምድ ነው። ቀለሙን ትተው ሙያውን ብቻ ቢያስተምሯቸው ምን ነበረበት? (ከደምበጫ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ብየዳውን የልጅዎ እጅ በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ብረት ከብረት ማጣበቅ የቻለ ልጅ ግን ገና በር ሠሪ አልሆነም። በሩ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፣ በሜትርና በወረቀት ላይ ነው።

አንድ ሥራ ከቅርብ እንይ። ገበያ ላይ ያለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ረጅም ብረት) ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ደንበኛ ለአጥር በር እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 የሆኑ 20 ቋሚዎች አዘዘ እንበል። ልጁ 6ን ለ1.20 ያካፍላል፣ 5 ያገኛል፣ «4 ብረት ይበቃል» ብሎ ያስገዛል። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ነገር ግን የመቁረጫው ዲስክ በቆረጠ ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት ይበላል። 5 ቋሚ ለማውጣት 4 ጊዜ ይቆረጣል፤ 4 ጊዜ 3፣ 12 ሚሊ። ስለዚህ የመጨረሻው ቋሚ 120 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 118.8 ይሆናል፤ ከ4ቱ ብረት 4 አጫጭር ቋሚዎች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ክፍተቱ በኤሌክትሮድ ይሞላል። ከላይ ተሞርዶ ቀለም ሲቀባ ደህና ይመስላል። ከውስጥ ግን የኤሌክትሮዱ ዝቃጭ ታምቆ ቀርቷል፤ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው።

አስቀድሞ ያሰላ ልጅ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው 5 ብረት ገዝቶ ትርፉን ለሌላ ሥራ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ደንበኛውን አስፈቅዶ ቋሚውን 119.5 ሴንቲ ማድረግ ነው፦ 5 ጊዜ 119.5፣ 597.5፤ ትርፉንም ለመለየት አሁን 5 ጊዜ ስለሚቆረጥ ዲስኩ የሚበላው 1.5 ሲደመር 599። ከ6 ሜትሩ 1 ሴንቲ ይተርፋል፣ 4 ብረትም ይበቃል። የአንድ ሙሉ ብረት ዋጋ ዳነ። (ብረቱ ራሱ እውነት 6 ሜትር መሆኑን ሳይለኩ መቁረጥ ግን አይገባም።)

ሌላም አለ። ብዙ ጀማሪዎች የበር ፍሬም ቀጥ ማለቱን የሚፈትሹት በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ብቻ ነው። ስኳድራው 30 ሴንቲ ክንድ ኖሮት ጫፉ ላይ 1 ሚሊ ቢሳሳት፣ ያ ስሕተት 2 ሜትር ከ10 ላይ ሲደርስ 7 ሚሊ ይሆናል። በሩ መሬት ይልሳል ወይም አይዘጋም። ፍቱኑ መንገድ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ መለካት ነው። 90 በ210 ለሆነ ፍሬም ሁለቱም ሰያፎች 228.5 ሴንቲ መሆን አለባቸው። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ልጅዎ 8ኛ ክፍል አካባቢ ከተማረው የፓይታጎረስ ሕግ ነው፦ 90 በራሱ ሲባዛ 8,100፣ 210 በራሱ ሲባዛ 44,100፣ ድምሩ 52,200፣ የዚያ ካሬ ሥር 228.5 ነው። ግንበኛውም መሠረት ሲያወጣ በገመድ 3፣ 4፣ 5 የሚለካው ይህንኑ ሕግ ይዞ ነው።

ቅሬታዎ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሒሳቡ ከሥራው ተነጥሎ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ የብየዳ ነገር በማያውቅ መምህር ከመጽሐፍ እየተገለበጠ ከሆነ ልጁ መሰልቸቱ አያስደንቅም። እንዲህ ከሆነ ማሠልጠኛው ሒሳቡን ወደ ወርክሾፑ እንዲያስገባው ይጠይቁ እንጂ እንዲቀር አይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሠልጣኝ ነኝ። ፎርሙላዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ሥራ ላይ ስቆም ግን የትኛውን እንደምጠቀም ይጠፋብኛል። የብቃት ምዘናውም እየደረሰ ነው። ምን ላጥና? (ከቢቸና)

መልስ፦ እህታችን፣ ምዘናው የዕውቀትም የተግባርም ክፍል አለው፤ አንዱን ብቻ ይዘሽ አትገቢም። ፎርሙላ መሸምደድሽ አይከፋም። የጎደለሽ ፎርሙላውን ከዕቃ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ምረጪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስልተሽ ጨርሺው። ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ የለም።

ምጣዱ ላይ 3,800 ዋት ተጽፏል እንበል። መስመሩ 220 ቮልት ነው። 3,800ን ለ220 ስታካፍዪ 17.3 አምፒር ይመጣል። ይህ የመጀመሪያው ውሳኔሽ ነው፤ 16 አምፒር ብሬከር አይችለውም ማለት ነው። ቀጥሎ ርቀቱ ይመጣል። ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከቆጣሪው 35 ሜትር ቢርቅ (በገጠር ከተሞቻችን ይህ የተለመደ ነው) ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 70 ሜትር ነው። 1 ካሬ ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ የመቋቋም መጠኑ በሜትር 0.0175 ኦም ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከዘረጋሽ፦ 70 ጊዜ 17.3 ጊዜ 0.0175፣ ለ2.5 ሲካፈል 8.5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። 4 ካሬ ሚሊ ብታደርጊው የሚቀረው 5.3 ቮልት ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ርቀት 4 ካሬ ሚሊ ከ25 አምፒር ብሬከር ጋር ትመርጫለሽ።

አሁን ሠልጣኞች የሚሳሳቱበትን እንንገርሽ። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በ32 አምፒር ይቀይሩትና ሽቦውን 2.5 እንዳለ ይተዉታል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፤ ምክንያቱም ሽቦው ግሎ ልባሱ መቅለጥ ሲጀምር እንኳ 32 አምፒር አልደረሰም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ይህን ያልያዘች ሠራተኛ ቤት ታቃጥላለች።

ሌላው ጥያቄ ከደንበኛ የሚመጣ ነው፦ «ምጣዱ ቀን ደህና ይጋግራል፣ ማታ እንጀራው አይበስልም፣ ምጣዱ ተበላሽቷል» ይሉሻል። ከመፍታትሽ በፊት ቮልቱን ለኪ። ማታ 190 ቢሆን ምን ይፈጠራል? የምጣዱ መቋቋም አይለወጥም፤ 220 በራሱ ተባዝቶ ለ3,800 ሲካፈል 12.7 ኦም ነው። 190 በራሱ ተባዝቶ ለ12.7 ሲካፈል 2,840 ዋት ገደማ። ቮልቱ የቀነሰው 14 ከመቶ ነው፤ ሙቀቱ የቀነሰው ግን 25 ከመቶ። ቮልቱ በራሱ ስለሚባዛ ጉዳቱ ይበዛል። ምጣዱ ደህና ነው፤ ችግሩ መስመሩ ነው። ይህን ለደንበኛ በትዕግሥት ካስረዳሽ ያለበደሉ የሚፈታ ምጣድ አይኖርም፤ አንቺም ትታመኛለሽ።

ስታጠኚ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሪ፦ የተሰጠሽን ከነመለኪያው ጻፊ፤ መልሱ ስንት አካባቢ ሊሆን እንደሚችል ገምቺ፤ ከዚያ አስዪ። ግምትሽ 20 ሆኖ መልሱ 200 ከመጣ ያዛባሽው አስርዮሹን ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ የግንባታ ሙያ አሠልጣኝ ነኝ። ከሠልጣኞቼ ብዙዎቹ 10ኛና 12ኛ ክፍል ጨርሰው የመጡ ቢሆኑም ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና ጥመርታ (ሬሾ) ያቅታቸዋል። ለንድፈ ሐሳብ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ለተግባር የተመደበ ነው። ከየት ልጀምር? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ መምህር፣ ከታች ይጀምሩ። ሠልጣኙ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ የ11ኛ ክፍሉ ሒሳብ ሳይሆን የ5ኛና የ6ኛው ነው፤ እሱን ሳይደፍኑ ላይ መከመር አይጠቅምም። በመጀመሪያው ሳምንት የ20 ደቂቃ መመዘኛ ይስጧቸው፤ ወረቀት ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ። ሜትር ይስጧቸውና ሦስት የተቆረጡ ጣውላዎች ይለኩ፤ አንዱን በሚሊ፣ አንዱን በሴንቲ፣ አንዱን በሜትር ይጻፉ። 1:2:3 (አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር) ምን ማለት እንደሆነ በባልዲ ያሳዩ። የአንድ ክፍል ወለል ስፋት ያውጡ፣ ለብክነት 5 ከመቶ ይጨምሩ። እነዚህን አራት ነገሮች የሚስቱትን ለይተው ይያዟቸው።

ቀጥሎ ሒሳቡን ለብቻ ክፍለ ጊዜ ከማድረግ ይልቅ ከዕለቱ ሥራ ፊት ያስቀምጡት። በዋሸራም ሆነ በዲማ የቅኔ ተማሪ ግስ እየወረደ ቅኔ ይቆጥራል እንጂ ግሱን ጨርሶ እስኪያበቃ ቅኔው አይጠብቀውም። የእርስዎም ሠልጣኝ ጥመርታውን ጠዋት በ15 ደቂቃ ይማር፣ ረፋድ ላይ ያቡካው።

ለዚህ የሚሆን የኮንክሪት ትምህርት እንጠቁምዎ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ይዘቱ 35 ሊትር ገደማ። የመለኪያ ሳጥኑ 40 በ50 በ18 ሴንቲ ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ከረጢት ከአንድ ሳጥን ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላል፣ 1:2:3 ም እውነት 1:2:3 ይሆናል። አናጺው ሳጥኑን በ20 ሴንቲ ቁመት ከሠራው ግን 40 ሊትር ይይዛል። ሁለት ሳጥን አሸዋ 80 ሊትር፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር 120 ሊትር። እነዚህን ለ35 ያካፍሏቸው፤ የተቦካው 1:2.3:3.4 ሆኗል። የማንም ክፋት የለበትም፣ ሁለት ሴንቲ ናት። በዚያ ላይ ሳጥኑ በጣውላ ሳይደለደል ተቆልሎ ከተሞላ ሲሚንቶው የባሰ ይሳሳል። ሠልጣኞቹ ሁለቱንም ሳጥን ራሳቸው ይለኩ፣ ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት፤ ነግረዋቸው ከሚያውቁት ይልቅ ለክተው ያገኙት አይረሳቸውም።

ከዚያ ወደ ውሃው ይሂዱ። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔ 0.5 ሲሆን ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ነው። በክረምት ግን አሸዋው ራሱ ውሃ ይዟል። 70 ሊትር አሸዋ 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እርጥበቱ 5 ከመቶ ከሆነ 5.5 ሊትር ውሃ አስቀድሞ ገብቷል። የሚጨመረው 19 ወይም 20 ሊትር ብቻ ነው። ይህን ሳያሰላ 25 ሊትር የሚደፋ ሠራተኛ ኮንክሪቱ እንደ ሙቅ ይፈስለታል፣ ለመደልደል ይቀልለዋል፤ ሲደርቅ ግን ውሃው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ጥንካሬው የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ለመቶኛ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ማሠልጠኛው ውስጥ የሒሳብ መምህር ካለ በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ ያሳዩት። ደረጃ መወጣጫ የምትሠሩ ከሆነ እሱ ማካፈልን በደረጃ ያስተምር፦ የፎቁ ከፍታ 306 ሴንቲ ቢሆን፣ የአንዱ መነሻ (የደረጃው ቋሚ ፊት) ከፍታ 18 ከሆነ 17 መነሻ ይወጣል፤ መርገጫው ግን 16 ነው፣ የላይኛው ወለል ራሱ የመጨረሻው መርገጫ ስለሆነ። ይህችን አንዷን መርሳት በየሥራው ላይ የሚታይ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ተደራጅተን የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር እንጠግናለን። አንድ ደንበኛ ያመጣው ሞተር «7 ሜትር ይስባል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከወንዙ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ሲተከል ግን ውሃ አያነሣም። ጎማውን ሁሉ ቀየርን፣ አሁንም ያው ነው። ችግሩ ምንድን ነው? (ከመራዊ)

መልስ፦ ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የተረሳው ከፍታው ነው።

ሞተሩ ውሃን «አይጎትትም»። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ከዚያ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል፤ ተግባር ላይ ግን በቱቦው ሰበቃና በጥቃቅን ፍሳሽ ምክንያት 7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፋብሪካው የጻፈው ይህንን ነው። መራዊ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ሳስቶ ከፍተኛው ማንሣት 8.1 ሜትር አካባቢ ነው። 2.2 ሜትር ጠፋ። ያንን ከ7 ስትቀንሱ 4.8 ሜትር ይቀራል። 6 ሜትር ላይ የተተከለ ሞተር ምንም ጎማ ቢቀየርለት አያነሣም።

መፍትሔው ሞተሩን ወደ ወንዙ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከውሃው እስከ ሞተሩ ቀጥታ ከፍታው ከ4 ሜትር ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ወደ ላይ መግፋት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሞተሩ በላይ ያለው ከፍታ የሚወሰነው በሞተሩ ጉልበት ነው። የመምጠጫ ቱቦው አጭርና ወፍራም ይሁን፣ መጋጠሚያው አየር አያስገባ፣ ጫፉ ላይ ያለው ውሃ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ በጭቃ አይደፈን።

በዚሁ ምክንያት ቤንዚን ሞተሩም ይደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እናንተ ጋ 20 ከመቶ ማለት ነው። አየሩ ስስ ሆኖ ቤንዚኑ እንደ ድሮው ከገባ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ይህን እንደ ፒስተን ቀለበት ብልሽት ቆጥሮ ሞተር ማውረድ ለደንበኛው ከባድ ወጪ ነው፤ መጀመሪያ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ለከፍታው ተስማሚ በሆነ አነስተኛ ቁጥር መቀየር ይሞከር። መኪና የምትነኩ ከሆነም ይህን ያዙ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ መኪና ቆላ ወርዶ ሳይፈላ ደጋው ላይ ሊፈላ ይችላል።

ስለ አየር ግፊት ትምህርት ቤት ተምራችኋል። ያኔ መጽሐፉ ስለ ሜርኩሪ ብርጭቆ ነበር የሚያወራው፤ ከወንዝ ዳር ሞተር ጋር ያገናኘላችሁ ሰው አልነበረም። ፊዚክስ ለጥገና ሙያ ሊሰጥ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ በሌላ አገርስ የሙያ ተማሪ የቀለም ትምህርት ይማራል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አዎ። ጀርመን አገር ሠልጣኙ አብዛኛውን ሳምንት ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ግን ሙያ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ከሙያው ንድፈ ሐሳብ ሌላ የጀርመንኛ ቋንቋና የማኅበራዊ ትምህርት ይማራል። የኛም አገር የትብብር ሥልጠና ሠልጣኙን ከድርጅት ጋር የሚያገናኝ ስለሆነ መንገዱ ይቀራረባል። እኛ ጋ ጎልቶ የሚታየው ክፍተት ድርጅቱ ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ የተማረውን አለማወቁ፣ ክፍሉም ድርጅቱ ምን እንደሚያሠራው አለመጠየቁ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴን የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቻለሁ። ሥራው አይከብደኝም፤ የዋጋ ማቅረቢያ መጻፍና እንግሊዝኛ ያስቸግረኛል። አማርኛ ብቻ አይበቃም? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለደንበኛ አማርኛ ይበቃል፤ በደንብ ከተጻፈ። የማሽን መመሪያው፣ የቫርኒሹ ቆርቆሮ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ፣ የመጋዙ የፍጥነት ሠንጠረዥ ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ሰዋስው ተምረህ እስክትጨርስ አትጠብቅ። ከየዕቃው ላይ የምታገኛቸውን ቃላት በደብተር እየያዝህ ሂድ፤ ማቅጠኛ፣ የመድረቂያ ጊዜ፣ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ተቀጣጣይ የሚሉትን የመሳሰሉ። 150 ቃል ስትይዝ አብዛኛውን መመሪያ ታነባለህ።

ከእንግሊዝኛው ይልቅ ገንዘብ የሚያሳጣህ የአማርኛው ወረቀት ነው። «አንድ ቁም ሣጥን፣ ጥሩ እንጨት» ብለህ ከጻፍህ ጥሩ የሚለው ቃል ነገ ያጣላሃል። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን በሴንቲ ጻፍ፤ የእንጨቱን ዓይነት ጻፍ፣ ዋንዛ ከሆነ ዋንዛ፣ ጽድ ከሆነ ጽድ በል። ማጠፊያና ቁልፍ በማን ወጪ እንደሆነ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ለይ። ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ ካንተ ይቅር።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆንህ ደግሞ ይህን አስተውል። የ10,000 ብር ሥራ ላይ 15 ከመቶ ሲጨመር 11,500 ይሆናል። ደንበኛው «ሁሉን አጠቃልለህ 11,500 ንገረኝ» ብሎ ከተስማማችሁ በኋላ ታክሱን ለመለየት ብዙዎች ከ11,500 ላይ 15 ከመቶ ይቀንሱና 9,775 ያገኛሉ። ስሕተት ነው፤ 225 ብር ከራስህ ኪስ ጠፋ። መቀነስ ሳይሆን 11,500ን ለ1.15 ማካፈል ነው። 10,000 ይመጣልሃል፣ ታክሱም 1,500።